እኔ ላይ ብቻ የምትጠፋው መኪና

እሑድ፣ መስከረም 11

ዛሬም ጠፋችብኝ። ያውም ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ፣ ያ ሁሉ ምእመን ቆሞ እያየ፣ አደባባዩ መሀል። መጀመሪያ ቴፑ ዝም አለ። ከዚያ የዳሽቦርዱ መብራት ድርግም። ከዚያ ሞተሩ ቀጥ። ከኋላዬ ያለው ባጃጅ በክላክስ ጆሮዬን ሊበጥሰው ሆነ፤ እኔም በክላክሴ መለስኩለት። እማዬ ከጎኔ ሆና "ኢየሱስ፣ ኢየሱስ" ትላለች።

በንዴት ቁልፌን ነቅዬ ወረድኩ። ኮፈኑን ከፍቼ እንደ አዋቂ አየሁት። ምን አውቃለሁ! ሽቦ ነው፣ አቧራ ነው። እኔ ሽቦ ሳይ ሊዲያ ከኋላ ወንበር ወርዳ ቦታዬ ላይ ቁጭ አለች፤ በራሷ ቁልፍ ሞከረቻት። ወዲያው ተነሳች። ቴፑ ሳይቀር መዝሙሩን ካቆመበት ቀጠለ።

"እትዬ፣ ይግቡ፣ እኔ ላድርሳችሁ" አለችኝ፣ ቀስ ብላ። እሷ ቀስ ብላ ስትናገር ነው እኔን የሚያቃጥለኝ።

የወንድሜ የታምራት ሚስት ናት። ከዱራሜ አግብቷት ከመጣች ዓመት ሆናት፤ እኛው ግቢ ነው የሚኖሩት። መምህርት ናት፣ ቆንጆ ናት፣ መንጃ ፈቃድ አላት። ምን የሌላት ነገር አለ?

መኪናዋ የአባዬ ናት። እሱ ካረፈ ወዲህ የምነዳት እኔ ነኝ። ሱቁን የምከፍተው እኔ፣ እማዬን ሐኪም ቤት የማመላልሰው እኔ። ለመስቀልም በየዓመቱ ወደ ተወለደችበት ወደ አንጋጫ የማደርሳት እኔ ነኝ። ዘንድሮም ዓርብ ልንሄድ ነው።

ቤት ስንደርስ እማዬ ምን አለች? "ታዱዬ፣ ዓርብ ሊዲያ ትንዳ። በአንቺ እጅ ስትጠፋ ልቤ ይቆማል።"

በአንቺ እጅ!

ምሳ አልበላሁም። ጾም ነኝ አልኩ። የምን ጾም እንደሆነ የጠየቀኝ ሰው የለም።

ሰኞ፣ መስከረም 12

ጠዋት መናኸሪያው ጀርባ ወዳለው ኤሌትሪሻን፣ ወደ ከድር ወሰድኳት። "ቁልፉን ተዪልኝና ከሰዓት ነይ" አለኝ።

የቱን ቁልፍ? የእኔ ቁልፍ ብቻውን አይሄድም። አባዬ ቀጥቃጭ ጋ ያሠራው ወፍራም የብረት ቀለበት ላይ ነው ያለው፤ የሱቁ፣ የመጋዘኑ፣ የግቢው በር፣ የቡፌው፣ የቅቤው ጓዳ፣ የእማዬ ሳጥን፣ የመዘምራን ልብስ ቁም ሳጥን፣ ሌላም ሌላም። አንዳንዱ የምን ቁልፍ እንደሆነ ራሴም ረስቼዋለሁ፤ ግን አልጥለውም። ይሄን ለጋራዥ ሰጥቼ ልሂድ? ቤቴን በሙሉ አስረክቤ መሄድ ማለት እኮ ነው። ታምራት ጋ ደውዬ የሊዲያን አስመጣሁ። በቀይ ክር የታሰረ አንድ ቁልፍ፣ ሌላ ምንም የለበትም። እሱን ትቼለት ሄድኩ።

ከሰዓት ስመለስ ከድር እጁን እየጠረገ ወጣ። የባትሪው ማሰሪያ ትንሽ ላልቶ ነበር፣ አጠበቀው፤ ሌላ ምንም አላገኘም። ከተማውን ዞሮባታል፤ አንዴም አልጠፋችም። "እኔ ጋ ስትመጣ ጨዋ ናት፣ አንቺ ነሽ የምታበሳጫት" ብሎ ሳቀ። አልሳቅኩም።

የሊዲያን ቁልፍ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። በራሴ አስነስቼ ወጣሁ። ደህና፣ ደህና፣ ደህና… ሰፈራችን ኮብልስቶኑ ላይ ስወጣ ድርግም። ከግቢያችን በር ፊት ለፊት! ትንሽ ቆይቼ ቁልፉን መልሼ ሳዞረው ደግሞ ተነሳች።

ስገባ ከጓዳ ሳቅ ይሰማል። እማዬና ሊዲያ። በከምባትኛ። እማዬ እንደዚያ ስትስቅ ከአባዬ ለቅሶ ወዲህ ሰምቼ አላውቅም። እኛ ያደግነው በአባዬ ቋንቋ በሀዲይኛና በአማርኛ ነው፤ ከከምባትኛው ሰላምታና "ብሉ" ከማለት ውጭ አልያዝንም። እማዬም ያን ሁሉ ዓመት ቋንቋዋን ዋጥ አድርጋ ኖረች። ይቺ ልጅ መጣችና አፏን አስከፈተቻት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አንጀቴ ነው ያረረው።

ስገባ ሳቁ ቆመ። ሊዲያ ብድግ አለች። "እትዬ፣ የቡፌው ቁልፍ… ስኳር ፈልገን ነበር።" ከፈትኩ፣ ሰፈርኩላት፣ ቆለፍኩ። የዘወትር ሥራችን ነው።

ማክሰኞ፣ መስከረም 13

ታምራት ቁርስ ላይ ጉሮሮውን ጠረገ። ጉሮሮውን ሲጠርግ ነገር እንዳለው አውቃለሁ፤ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት ልጅ ነው።

"እቴቴ፣ እንዳትቆጪ እንጂ… ዓርብ ሊዲያ እማዬን ይዛ ትሂድ። አንቺ የበዓሉን ቅቤ ይዘሽ በሚኒባስ ተከተይን።"

ቅቤውን ይዤ! ዓመቱን ሙሉ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ያጠራቀምኩት ቅቤ ነው፤ የእኔ ላብ ነው። አሁን እሱና እኔ በሚኒባስ፣ እነሱ በአባዬ መኪና። "እናያለን" ብዬ ተነሳሁ። ሻዩ ተደፋ። ሆን ብዬ አይደለም።

ቀኑን ሙሉ ሳሰላስል ዋልኩ። ምን ታደርጋታለች? ትጸልይባት ይሆን? እኔም እጸልያለሁ። ሽቦ ትነካካብኝ ይሆን? እንዲህ ማሰቤን ጌታ ይቅር ይበለኝ፤ ግን አስቤያለሁ፣ ደብተሬ ላይ አልዋሽም።

በዓይኔ ላየው ብዬ ቁልፏን ከቦርሳዬ አውጥቼ መለስኩላትና "ሱቅ አድርሺኝ" አልኳት። ከኋላዋ ተቀመጥኩ፣ እጇን ለማየት እንዲመቸኝ። በዚያ በተቆፋፈረው መንገድ እንድትሄድ አዘዝኳት።

"እትዬ፣ በዚህ በኩል ሱቁ ይርቃል እኮ።"

"ሂጂ አልኩሽ!"

ሄደች። ጉድጓድ አልቀረንም። ጥርሳችን ተንቀጫቀጨ፣ ጭንቅላቴ ጣሪያውን መታው። መኪናዋ ግን ወይ ፍንክች! ቴፑ እንኳ አልተንተባተበም። ከሃዲ። አባዬ ያስነዳት እኔን፣ የምትታዘዘው ለባዳ።

በመስታወቱ አየችኝ መሰለኝ፣ "እርስዎ ላይ ስትጠፋ ክላክሱ ይሠራል?" ብላ ጠየቀችኝ።

"እኔ ምን አውቄ! ያን ሰዓት ክላክስ ነው የሚታየኝ?" አልኳት።

መሪውን በሁለት እጇ እንደምትይዝ አይቻለሁ። ማታ ከሱቅ ስመለስ እኔም በሁለት እጄ ያዝኩ። ኮብልስቶኑ ላይ ጠፋች።

ረቡዕ፣ መስከረም 14

ለበዓሉ ገበያ ጨርቅ ጭኜ ወደ ጊምቢቹ ወጣሁ። ዳገቱ ላይ ከብቶች መንገዱን ሞልተውታል፤ ፍሬን ያዝኩ፣ መንገዱ አንዴ አነጠረኝ፣ ሁሉም ጠፋ። ከብቶቹ ወደ እኔ እየመጡ ነው። ሳላስበው ክላክሱን ተጫንኩ፤ ጮኸ! ሁሉም ሞቶ እሱ ብቻ ጮኸ። እሑድ አደባባዩ ላይም በክላክሴ ነበር ለባጃጁ የመለስኩት፤ ያኔ ልብ አላልኩትም። ልብ ያለችው እሷ ናት፣ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና።

እግሬን ፍሬኑ ላይ እንደጫንኩ አለቀስኩ። ለመኪናዋ አይደለም። እማዬ አንዴ ከሊዲያ ጋር አንጋጫ ደርሳ ከመጣች፣ ከዚያ በኋላ ታዱ ለምን ታስፈልገኛለች ትላለች? ሊዲያ ቋንቋዋን ታውቃለች፣ መኪናዋ አትጠፋባትም፣ ወጧም ይጣፍጣል (ይጣፍጣል፣ ምን ላድርግ)። እኔ የሚቀረኝ በር መቆለፍ ነው። ባልም አላገባሁ፣ ልጅም አልወለድኩ፤ ይሄ ቤት ነው ያለኝ፣ እማዬ ናት ያለችኝ።

ከብቶቹ አለፉ። ቁልፉን አጥፍቼ መልሼ ስሞክራት ተነሳች፣ ምንም እንዳልሆነች ሁሉ።

ገበያው ደህና ነበር። ስመለስ በቀጥታ ከድር ጋ ገብቼ የክላክሱን ነገር ነገርኩት። ዓይኑ በራ። "እንዲያ ከሆነ ባትሪው ጤነኛ ነው፣ ክላክሱ በቀጥታ ከእሱ ነው የሚወስደው። የሚጠፋው በኳድሮው፣ ቁልፍሽን በምታስገቢበት በኩል የሚያልፈው ነው ማለት ነው።" ከዚያ "ማን ነው ይሄን ያሰበው? ጎበዝ ነሽ እኮ!" አለኝ።

"እኔ ነኝ" አልኩት። ከአፌ አመለጠኝ።

እንደ ሰኞው የሊዲያን ቁልፍ አስመጥቼ መኪናዋን እሱ ጋ አሳደርኳት። የእኔን ቀለበት ይዤ በባጃጅ ቤቴ ገባሁ።

ሐሙስ፣ መስከረም 15

ምን ብዬ ልጀምር? ከጠዋቱ ልጀምር።

ከድር ምንም አላገኘም። ኳድሮውን በሊዲያ ቁልፍ ሲያዞር፣ ሲያስገባ፣ ሲያወጣ አምሽቷል፤ አልጠፋችለትም። ፊውዝ ቀይሮ "እስቲ ሞክሪያት" አለኝ። በራሴ ቁልፍ ይዣት ወጣሁ፤ የሊዲያን እሱ ኪሱ ውስጥ ረስቶት ቀረ። ይሄ መርሳቱ ባይኖር ዛሬም እዚያው ነበርን።

እንደ ተአምር ሳትጠፋብኝ ቤት ስደርስ ታምራት ሊዲያ ለነገው ነዳጅ ቀድታ ትምጣ አለ። ቁልፍ ጠየቀችኝ፣ እጇን ዘርግታ። ቀለበቱን እንዳለ? ለእሷ? እማዬ ከበረንዳው ታየኛለች። ሰጠኋት። ግን አብሬያት ገባሁ። ቁልፎቼ የሚሄዱበት እኔም እሄዳለሁ።

ከግቢው ወጣን። ኮብልስቶኑ ላይ ጥቂት እንደሄድን ቴፑ ዝም፣ መብራቱ ድርግም፣ ሞተሩ ቀጥ።

ሊዲያ ላይ ጠፋች!

ሳቅኩ። ኧረ ሳቅ ብቻም አይደለም፣ "እሰይ!" ብዬ ጉልበቴን መታሁ። "አየሽ? አየሽ? በእኔ እጅ አይደለም!" ሳምንቱን ሙሉ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ወረደልኝ። ዞር ስል ዓይኗ እንባ ሞልቷል። "እማማ አሁን ከእኔም ጋር አይሄዱም" አለች። ለካ እሷም የምትፈራው አላት። ደስታዬ አፌ ውስጥ ጎመዘዘኝ።

መሪው ላይ አቀርቅራ ትንሽ ቆየች። ለካ ቁልፎቼን እያየች ነው። ቀለበቱ ከነጓዙ ከኳድሮው ላይ ተንጠልጥሎ ገና ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል።

"እትዬ፣ ይሄ ነገር ይከብዳል እኮ" አለችና በመዳፏ ከሥሩ ደገፍ አደረገችው።

መብራቱ በራ። ቴፑ ዘመረ።

ለቀቀችው። ጠፋ። ደገፈችው። በራ።

"እስቲ እኔ" አልኳት። እኔም ደገፍኩት፣ በራ፤ ለቀቅኩት፣ ጠፋ። እንደ ሕፃን ስንቀባበለው ቆየን። ከኋላችን አህያ የሚነዳ ሰውዬ "ሴቶች፣ ታልፋላችሁ ወይስ ትጫወታላችሁ?" አለን።

እሷ እየደገፈች፣ እኔ ማርሽ እየቀየርኩላት ከድር ጋ ደረስን። አይቶ ግንባሩን መታ። ኳድሮው በእርጅና ውስጡ ተበልቷል፤ ቀለል ያለ ቁልፍ ይችላል፣ የእኔ ጓዝ ግን መንገዱ ባነጠረው ቁጥር ወደታች ይጎትተዋል። ለዚህ ነው እሱ ጋ ጨዋ የሆነችው፤ ለዚህ ነው ለሊዲያ የታዘዘችው። እኔ ነኝ ጋራዥ በሄድኩ ቁጥር በሽታዋን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ የምመለሰው! ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ምንም እንዳላንጠለጥል አስጠነቀቀኝ። "ይሄ የመኪና ቁልፍ ነው የእስር ቤት?" አለና የሊዲያን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ መለሰላት።

ከዚያ ይባስ ብሎ ለእሷ፣ "የክላክሱን ነገር ያሰበችው እኮ ይቺ ናት፣ እህታችሁ ጭንቅላት አላት" አላት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሊዲያ አየችኝ። "አዎ፣ እሳቸው ናቸው" አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ብትናገር ይሻለኝ ነበር።

ቤት ገብቼ የመኪናዋን ቁልፍ ከቀለበቱ ስፈለቅቅ ጥፍሬ ተሰበረ። በቢላ አላቀቅኩት። ብቻውን መዳፌ ላይ ሳየው እንዴት ትንሽ ነው!

ችግሩ ታወቀ፤ ዓርብ የምነዳው እኔ ነኝ። እማዬም እሺ አለች። ደስ ሊለኝ ሲገባ ደግሞ ሌላ ነገር ይከነክነኛል፦ ያገኘችው እሷ ናት። እኔ ስስቅ እሷ አሰበች። ይሄ ቅናት የሚባል ነገር መቼ ነው የሚጠግበው?

ዓርብ፣ መስከረም 16

አንጋጫ፣ የእማዬ ወንድም ቤት። ግቢው ሙሉ ነው፤ ጥግ ይዤ እየጻፍኩ ነው።

ነዳሁ። ቁልፉ ብቻውን። እማዬ ከጎኔ፣ ሊዲያ ከኋላ ቅቤውን አቅፋ፣ ታምራት ከጎኗ። ከከተማ ወጥተን የመጀመሪያው ጉድጓድ ጋ ስንደርስ አራታችንም ትንፋሻችንን ያዝን። ዘለለች። ቴፑ መዘመሩን አላቆመም። ታምራት "ሃሌ ሉያ!" ብሎ ጮኸ፣ እማዬ አጨበጨበች። እኔ ምንም እንዳልመሰለኝ ሆኜ መንገዴን ቀጠልኩ፤ ፈገግታዬን ግን መደበቅ አልቻልኩም።

ቀለበቱን ማስቀመጫ አጥቼ እማዬ ጭን ላይ ጥዬው ነበር። መንገዱን በሙሉ በጣቷ ስትዳስሰው ቆየች።

"ይሄ የምንድን ነው?"

"የቡፌው።"

"ይሄስ?"

"የሳጥንሽ።"

"ይሄ ትልቁስ?"

"የድሮው መጋዘን።"

"የሸጥነው?"

"አዎ።"

"ይሄስ?"

"አላውቀውም፣ እማዬ።"

ወደ ኋላ ዞር ብላ ለሊዲያ በከምባትኛ አንድ ነገር ተናገረች። ሊዲያ አልሳቀችም። እኔ ደሜ ፈላ፤ እዚሁ አጠገቤ ሆና፣ ስለ እኔ፣ በማላውቀው ቋንቋ!

"ምን አለች?" አልኩ። ድምፄ ሻካራ ነበር።

ሊዲያ ትንሽ አመነታች። "'ልጄ ደክሟታል፤ ደክሞኛል ግን አትልም' ነው ያሉት።"

ዓይኔ መንገዱን አላይ አለኝ። ዳር ይዤ አቆምኩ። ታምራት "ጠፋች እንዴ?" አለ። "አልጠፋችም፣ ዝም በል" አልኩት። እማዬ እጇን ጉልበቴ ላይ አድርጋ እስክንነሳ ጠበቀች።

ስንደርስ ዘመድ ሁሉ ወጥቶ ተቀበለን። "ማን አመጣሽ?" ሲሏት "ልጆቼ አመጡኝ" አለች። ልጆቼ! የነዳሁት እኔ ብቻ ነኝ እኮ። ታዝቤያለሁ።

ከምግብ በኋላ ሊዲያን ወደ ዛፉ ሥር ጠራኋት። የቡፌውን ቁልፍ አላቅቄ ይዤዋለሁ። "እንቺ" አልኳት። "ስኳር በጠየቅሽኝ ቁጥር እኔም ሰለቸኝ።" ሌላ የሚያምር ነገር ልላት አስቤ ነበር፤ የወጣው ይሄው ነው። ክላክሱንም ያሰብሽው አንቺ ነሽ፣ ለከድር እነግረዋለሁ አልኳት፤ ይሄን ግን ወደ መሬት እያየሁ።

አላመሰገነችኝም። ከኪሷ ያን ቀይ ክር ያለውን የመኪና ቁልፏን አወጣች፤ የቡፌውን እዚያው ክር ላይ ማስገባት ጀመረች።

"ኧረ አንቺ! እዚያ ላይ አታንጠልጥዪ!" ብዬ ጮህኩ፣ ግቢው ሁሉ ዞሮ እስኪያየኝ።

ደንግጣ ቁልፉን ጣለችው። ከዚያ ገባት። "እትዬ፣ ገደልሽኝ!" ብላ ሆዷን ይዛ ተቀመጠች፤ አንቱታውን ረስታዋለች። እኔም ሳቅኩ። ዛፉን ተደግፌ፣ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅኩ። እማዬ ከወንበሯ ላይ ሆና ምን እንደሆነ በከምባትኛ ጠየቀች፤ ሊዲያ በረጅሙ መለሰችላት። አንድ ቃል አልገባኝም። ትንሽ ከነከነኝ፣ አልዋሽም።

እሑድ ስንመለስ እሷ እንድትነዳ ነግሬያታለሁ። ታምራት ከፊት ይሁን። እኔ ከኋላ፣ ከእማዬ ጎን እቀመጣለሁ። የሚነዳ ሰው እኮ እናቱን በደንብ አያያትም። ቀለበቱን ጭኔ ላይ ይዤ፣ እነሱ የሚያወሩትን እየሰማሁ እሄዳለሁ። ያልገባኝን እጠይቃለሁ።